የዳንቴል ፈተና አይሰረዝም፦ ስለ ክፍላችን ኃላፊ ዕረፍት

ለድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ፣ ለሙያ አጋሮቻችን፣ መሣሪያዎቻችን በየቤታቸው ለሚሠሩላቸው ደንበኞች፣ እንዲሁም ለሚመለከተው ሁሉ፤

የሙቀት ሲሙሌሽን ክፍላችን መሥራችና ኃላፊ፣ ከድርጅቱ ውስጥም ከድርጅቱ ውጪም «እትዬ ዳንቴል» በሚል ስም የሚታወቁት ባልደረባችን፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸውም ቤተሰቦቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ባለፈው ሐሙስ ተፈጽሟል። የክፍሉ ሠራተኞች የተሰማንን መሪር ሀዘን እንገልጻለን። ከሀዘናችን ጋር ቁጣም አለብን፤ እርሱንም አንደብቅም።

ይህ መግለጫ የዘገየው በእኛ ስንፍና አይደለም። መጀመሪያ ያዘጋጀነው ረቂቅ ለአስተዳደሩ ቀርቦ በሁለት እርማት ተመለሰልን። «ታታሪና ትሑት» ካልነው ቀጥሎ «ታዛዥ» የሚል ተጨምሮበታል፤ «የዳንቴል ፈተና» ያልነው ደግሞ ከነአንቀጹ ተሰርዟል። እኛም «ታዛዥ» የሚለውን አውጥተናል። እትዬ ዳንቴል ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ሥራ ወዳድ ነበሩ፣ ታዛዥ ግን በጭራሽ አልነበሩም፤ ተናግረው መልስ በማይሰጡበት ሰዓት የሌለባቸውን ጠባይ ልንለጥፍባቸው አንችልም። የተሰረዘውን አንቀጽም ወደ ቦታው መልሰናል። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። የነበርነውም የቀበርነውም እኛ ስለሆንን እኛው እንናገራለን።

ሥራቸው ምን እንደነበር ለማያውቅ ባጭሩ እናስረዳ። ማንኛውም የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ዕቃው ይቃጠላል ወይም ራሱን ያጠፋል። የክፍላችን ሶፍትዌር ዕቃው ገና በሥዕል ላይ ሳለ፣ በውስጡና በዙሪያው ያለውን አየር በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ሳጥኖች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ያሰላል፤ ሲሙሌሽን የምንለው ይህን ስሌት ነው። የቀዘቀዘው በስክሪኑ ላይ ሰማያዊ፣ የጋለው ቀይ ሆኖ ይታያል። ቀዩን እኛ ቀድመን ካየነው ደንበኛው ቤት አይደርስም፤ ሥራችን ይኸው ነው።

ክፍሉ በተቋቋመበት ዓመት ለእትዬ ዳንቴል የተሰጣቸው ቢሮ ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። «የሙቀት ክፍልን አየር በሌለበት ቤት አቋቋሙት» እያሉ ይስቁ ነበር። እዚያ ብቻቸውን ተቀምጠው ሶፍትዌሩን ተማሩ፣ ለድርጅቱ ዕቃዎች እንዲስማማ አድርገው አሰናዱት፣ በኋላ የመጣነውን እኛንም አስተማሩን። ሲያስተምሩ ቁጡ ነበሩ፤ ይህንን የሚክድ ከመካከላችን የለም። ውጤት አማረልኝ ብሎ ስክሪኑን ሊያሳያቸው የሮጠውን ሁሉ «ቀለሙስ አምሯል፤ አሁን ደግሞ እውነት መሆኑን አሳየኝ» ይሉት ነበር። ኮምፒውተር የሰጡትን እንጂ የረሱትን አያሰላም፤ የረሳነውን ነበር አጥብቀው የሚፈልጉት።

በሦስተኛው ዓመት የድርጅቱ የኢንተርኔት ሳጥን ገበያ ወጣ። በሲሙሌሽን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኖ ያለፈ ዕቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከየደንበኛው ቤት እየተቃጠለ ይመለስ ጀመር። ስሌቱ ተደገመ፤ ሰማያዊ ነው። ቦርዱ ተፈተሸ፤ ጤነኛ ነው። የዲዛይን ክፍል «የመብራት መዋዠቅ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ሲል፣ እትዬ ዳንቴል ከጥገና ሠራተኞች ጋር መኪና ላይ ወጥተው ቤት ለቤት ዞሩ። የገቡበት ቤት ሁሉ ሳጥኑ ዳንቴል ለብሷል። አንዱ ጋ የአበባ ማስቀመጫ ተደርቦበታል፣ ሌላው ጋ የልጅ የምረቃ ፎቶ። በመጨረሻ ገዛ እናታቸው ቤት ሄዱ፤ እዚያም ያው ነው። እናታቸው እማማ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ዘርግተውበታል፤ ለምን ቢባሉ «አቧራ እንዳይገባበት፣ ደግሞም እንዳይበርደው ነዋ» አሉ።

ሌላ መሐንዲስ ቢሆን ስቆ፣ «ደንበኛው አላዋቂ ነው» ብሎ ይመለስ ነበር። እርሳቸው ግን ቢሮ ገብተው የተናገሩት ሌላ ነው። ጥፋቱ የእማማ አይደለም፣ በስሌታችን ውስጥ ያለው ቤት ነው የተሳሳተው አሉ። እውነት ነበር። እኛ ሳጥኑን ባዶ ክፍል መሃል ብቻውን አስቀምጠን ነበር የምናሰላው፤ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ የትም የለም። ሰው የሚሳሳለትን ዕቃ ይሸፍናል። ስለዚህ ዳንቴሉ ራሱ ሶፍትዌሩ ውስጥ መግባት አለበት አሉ፣ አስገቡትም።

ነገሩ ሲነገር እንደሚቀለው አልነበረም። መጀመሪያ እማማ ዳንቴላቸውን አልሰጥም አሉ። «የሠራሁት ለቤቴ ነው፤ ለሳይንስ ከሆነ ሌላ እሠራለሁ» ብለው ቃላቸውን ጠበቁ። ያ ሁለተኛው ዳንቴል በመለኪያ ክፍላችን የነፋስ ቱቦ ውስጥ ተወጥሮ ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ ተለካ። የመለኪያ ባለሙያችን ጋሼ ሽቦ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ተምሬ ጨርቅ አስጪ ሆኜ ልቅር!» እያሉ ቢያማርሩም፣ ልኩን አንድም ሳያዛንፉ አወጡት። የእትዬ ዳንቴል ባለቤት ልብስ ሰፊ በመሆናቸው የመጋረጃ፣ የአንሶላና የብርድ ልብስ ቁራጭ እየላኩልን እነዚያም በተራ ተለኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ ጨርቅ ለብሶ በሲሙሌሽን ሳይፈተንና የክፍሉ ኃላፊ ሳይፈርምበት ወደ ምርት አያልፍም። የዳንቴል ፈተና የሚባለው ይህ ነው። የዲዛይን ክፍል ሰዎች ለማሾፍ «እትዬ ዳንቴል» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እርሳቸውም ስሙን በትልቁ አስጽፈው ቢሮአቸው በር ላይ ለጠፉት፣ ፌዙም እዚያው ሞተ።

በስድስተኛው ዓመት የመብራት ማረጋጊያው በዳንቴል ፈተና ወድቆ፣ የአየር መውጫው ከአናቱ ወደ ጎኑ እንዲዞር ተደረገ። ዛሬ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ የሚያገለግልበት ቤት ስንቱ ነው! አልተቃጠለም።

በዐሥረኛው ዓመት ሳምባቸው ለደከመ ሕሙማን በቤት ውስጥ የሚያገለግለው የመተንፈሻ መርጃ ተሠራ። ከባድ ነው፣ ሲሠራ ወፍጮ ቤት ያስመስላል፣ መልኩም ዓይን አይስብም። ግን በብርድ ልብስም ተሸፍኖ ፈተናውን አልፏል። ከተጠቃሚዎቹ አንዷ እማማ ናቸው። ዛሬም በዳንቴል ሸፍነውት ነው የሚተኙት፤ ልጃቸውም «ተዪ» ብለዋቸው አያውቁም፣ እንዲሸፈን አድርገው ነዋ ያሠሩት።

አሁን ወደተቆጣንበት ነገር እንምጣ። ዘንድሮ የዚሁ መርጃ አዲስ ሞዴል ተነድፏል። ቀጭን ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ያምራል፤ ይህን የሠሩትን ባልደረቦቻችንን እናደንቃለን። የሙቀት መውጫው ግን ሙሉ በሙሉ አናቱ ላይ ነው። ጨርቅ ሲለብስ የኃይል ቦርዱ ይግላል፣ መሣሪያውም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። የኢንተርኔት ሳጥን ቢጠፋ ሰው ይናደዳል። ይህኛው ሲጠፋ ግን ሰውየው ተኝቷል፣ አፍንጫው ላይ ያለው ቱቦ አየር መስጠቱን ያቆማል። እትዬ ዳንቴል መውጫው ወደ ጎን እንዲዞርና መሣሪያው ከሥሩ እግር እንዲበጅለት ሐሳብ አቀረቡ። የአካሉ ቅርጽ ማውጫ ሞልድ እንደገና መሠራት ስላለበት ምርቱ ይዘገያል ተባሉና ሐሳባቸው ተመለሰ። አብሮት የመጣው የአስተዳደሩ መልስ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ጤነኛ አእምሮ ያለው ተጠቃሚ በሕክምና መሣሪያ ላይ ጨርቅ አይደርብም። በተጨማሪም እንዳይሸፈን የሚያሳስብ መመሪያ በመሣሪያው ላይ ይለጠፋል።»

እትዬ ዳንቴል መልሱን አንብበው «መመሪያ? እናቴ መመሪያውን የምታስቀምጠው ከዳንቴሉ ሥር ነው» አሉ። አልፈርምም አሉ። ተለመኑ፣ አልፈርምም አሉ። ስብሰባ ተጠሩ፣ ከአንዴም ሁለቴ ተገሠጹ፣ እርሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ማስተካከያቸውን በሶፍትዌሩ ውስጥ መሥራት ቀጠሉ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ከአልጋቸው ሆነው በስልክ እያዘዙን ሞዴሉን አስጨረሱን። መውጫው ወደ ጎን የዞረው፣ እግር የተበጀለት መሣሪያ ብርድ ልብስ ለብሶ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ እንደሆነ የሚፈትነው ረጅም ስሌት በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ ተጀመረ። «ይኼ ካለፈ ምክንያት አይኖራቸውም» ነበር ያሉን። ስሌቱ እየሮጠ ሳለ አረፉ።

የመቃብራቸው አፈር እንኳ ሳይደርቅ፣ ዓርብ ጠዋት ከአስተዳደሩ የውስጥ ማስታወሻ ደረሰን። የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት በመሆኑ የዳንቴል ፈተና «አዲስ ኃላፊ እስኪመደብ» ታግዷል፣ አዲሱ የመተንፈሻ መርጃም ያለዚህ ፈተና ወደ ምርት እንዲያልፍ ተወስኗል ይላል። ወይ ጉድ! በሕይወት ሳሉ ያልሰጡትን ፊርማ፣ ስለሞቱ ብቻ እንደሰጡ ተቆጠረባቸው።

የሀዘን መግለጫ የገጠመኝ መተረቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሰኞ የሆነውን ግን የምናሰፍረው ብዙ ሰው በተገኘበት በመፈጸሙና ከላይ ለተጠቀሰው መልስ ከዚህ የተሻለ ምላሽ ስለማይገኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት በክፍላችን ውስጥ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ነበር። እማማና የእትዬ ዳንቴል ባለቤት ወንበር ተሰጥቷቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከረዳቶቻቸው ጋር አበባና ጥቁር ጨርቅ ይዘው መጡ። በአክብሮት ነው የመጡት፣ ዓይናቸውም እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህን አንክድም። ወደ እትዬ ዳንቴል ጠረጴዛ ሄደው ጥቁሩን ጨርቅ በገዛ እጃቸው በኮምፒውተሩ ላይ አለበሱት፣ ጫፉን አስተካከሉ፣ ፎቶአቸውን አናቱ ላይ አቆሙ፣ አበባውንም ከፎቶው አጠገብ አኖሩ። የዚያ ኮምፒውተር ሙቀት መውጫ አናቱ ላይ ነው። እትዬ ዳንቴል «እዚህ ላይ ምንም አይቀመጥ» ብለው በእጃቸው የጻፉትን ወረቀትም እዚያው ለጥፈውበት ነበር። ጨርቁ ወረቀቱን ሸፈነው።

እኛስ? ሙቀት ማስላት የዕለት ሥራችን የሆነው እኛ፣ የክፍሉ መሐንዲሶች በሙሉ፣ አንገታችንን ደፍተን ቆመን ነበር። አንዳችንም ልብ አላልንም። ፎቶውን ነበር የምናየው።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ንግግር ጀመሩ። ትንሽ እንደቆዩ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። እርሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ እርሱም ከፍ አደረገ። እርሳቸው ጨመሩ፣ እርሱም ጨመረ። «እትዬ ዳንቴል የጀመሩት ሥራ አይቆምም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጋሼ ሽቦ ናቸው ቀድመው የነቁት፤ «ኧረ ጌታዬ፣ ጨርቁ!» ብለው ጮኹ።

እማማ ከወንበራቸው ሳይነሡ ጨርቁን አዩት፣ ቀጥሎ እኛን አዩን። «እኔስ ሳላውቅ ነው የሸፈንኩት» አሉ። «እናንተ ምን ነካችሁ?»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ጨርቁን አንሥተው፣ አጣጥፈው፣ በክንዳቸው ይዘው ወጡ። የዓርቡ ማስታወሻ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።

እንግዲህ እንናገር። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ጤነኛ አእምሮ እንዳላቸው እኛ ምስክር ነን። እኛም ብንሆን፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን። ጤነኛ ሰው ግን ያዝናል፣ ይሳሳል፣ ያከብራል፤ የሚያከብረውንም ይሸፍናል፣ መመሪያ ተለጥፎበት ሳለም ይሸፍናል። ሰኞ ዕለት በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እጃችን አየነው። ስለዚህ የተሳሳተው ያ «ጤነኛ አእምሮ ያለው ተጠቃሚ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው፣ እንዲነሣም እንጠይቃለን።

የዳንቴል ፈተና በሶፍትዌራችን ውስጥ አለ፣ ይኖራልም። አንድም የክፍሉ ሠራተኛ አይሰርዘውም። የኃላፊነቱ ወንበር ለማንኛችንም ቢሰጥ፣ አዲሱ የመተንፈሻ መርጃ ጨርቅ ለብሶ ሳያልፍ የሚፈርም የለም፤ ይህን ጋሼ ሽቦን ጨምሮ ሁላችንም ተማምነንበታል። ከውጪ ሰው አምጥተን እናስፈርማለን የሚል ካለ፣ ያ ሰው ከመፈረሙ በፊት እማማ ቤት ሄዶ መርጃው ከምን ሥር እንደሚያድር ይይ። ክፍሉን መዝጋት ይቻላል፤ የባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ ያውቃል፣ እኛም እንወጣለን። ቀዩን ሰማያዊ ነው ማለት ግን አይቻልም። ይህንን ያስተማሩን ሰው ሞተዋል፤ እኛ ግን አለን።

ለእማማ፣ ልጅ መቅበር ከሁሉ የከፋ መሆኑን እያወቅን የምንልዎት ቃል ያጥረናል። ልጅዎ ስለ እርስዎ ሲያወሩ አንድም ቀን ቀልደው አያውቁም፤ ያችን ዳንቴል ትልቁ አስተማሪዬ ናት ይሉ ነበር። ያለ ልጅ ቀረሁ አይበሉ፤ እኛ አለንልዎ፣ በየተራ እንመጣለን። ለእትዬ ዳንቴል ባለቤት፣ ያቀበሉን ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ በመለኪያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ በየስሙ ተቀምጧል፤ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎ። ለዲዛይን ክፍል ባልደረቦቻችንም ሀዘኑ የጋራችን ነው። ስሙን ያወጣችሁላቸው እናንተ ናችሁ፣ አሁን ደግሞ አብራችሁን ቁሙ። መርጃውን በየቤታቸው ለምትጠቀሙ ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻችሁ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ስለ እናንተ «አልፈርምም» ያሉ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን።

የሙቀት ሲሙሌሽን ክፍል ሠራተኞች በሙሉ

ማሳሰቢያ፦ ልታጽናኑን ወደ ክፍላችን ለምትመጡ ሁሉ በራችን ክፍት ነው። ፎቶአቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል፤ አበባ ያመጣ ለእማማ ይስጥልን። ሶፍትዌሩ የደረሰበትን እያስቀመጠ ስለሚሄድ ሰኞ የተቋረጠው ስሌት ካቆመበት ቀጥሏል። ስለዚህ በኮምፒውተራቸው ላይ ጨርቅም፣ አበባም፣ ምንም አታስቀምጡ። ገና አልጨረሰም። እስካሁን ሰማያዊ ነው።